ጣሪያዬ ላይ ያልወጣ ማን አለ?

ጣሪያን የሚያፈርሰው ዝናብ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር አልኖረም ማለት ነው። ዝናብማ ምን አደረገ? ከላይ ይመጣል፣ በተዳፋቱ ይወርዳል፣ አሸንዳውን ይዞ ወደ ቦዩ ይሄዳል፤ መንገዱን ያውቃል። ጣሪያ የሚያፈርሰው ሰው ነው። ሰው ስል ጠላት ማለቴ አይደለም። ጠላት ቢበዛ ድንጋይ ይወረውራል። እኔን ያስቸገረኝ «ቆይ ልይልዎት» እያለ መሰላል ተውሶ የሚመጣው ወዳጅ ነው።

መጀመሪያ ዲሽ ሰቃዩን ልጅ ላንሳ። ቆርቆሮ ላይ የሚሄድ ሰው እግሩን የሚያሳርፈው በሚስማሩ መስመር ላይ ነው፤ ከሚስማሩ ሥር ማገር አለና። በሁለት ማገር መሃል የረገጠ እንደሆነ ቆርቆሮው ይሰረጉዳል፤ የሰረጎደው ውሃ ያቁራል፤ ውሃ ያቆረው ይዝጋል። ይህን ከታች ሆኜ አንገቴ እስኪቀጭ ጮህኩ። «ፋዘር፣ ሐሳብ አይግባዎት፣ ሙያችን ነው» አለኝ፤ አለና ዷ፣ ዷ፣ ዷ እያደረገ ቁንጮው ድረስ ወጣ። ለዲሹ ማሰሪያ ቆርቆሮውን በሳ፤ ቦታው አልተመቸውም መሰለኝ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ በሳ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ምን አደረግከው ብለው «በማስቲካ ደፈንኩት» ብሎኝ እርፍ! ሳተላይቱ ተገኘ። ባለቤቴም ተከታታይ ድራማዋን እያየች ጥርና የካቲት አለፉ። ሰኔ ሲገባ ድራማው ወደ መኝታ ቤት ተዛወረ።

ከእሱ በኋላ የውሃ ታንከር ሰቃዩ መጣ። የመብራት ገመድ የሚዘረጋው መጣ። ኳሳቸው የተሰቀለባቸው የሰፈር ልጆች ማንንም ሳያስፈቅዱ ወጡ። ከሐይቁ ዳር ዛፎች የሚመጡትን ጦጣዎች ግን አልከሳቸውም፤ ቀላል ናቸው፣ የዲሽ ሥራም አይቀበሉም።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፤ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴማ አይጣል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ቤቴ 80 ካሬ ነው። አባዙት፤ በዓመት 112,000 ሊትር ከራሴ በላይ ያልፋል። ቧንቧዬ ግን ሲያፏጭ ይሰነብታል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው ጣና ከደጄ ተኝቶ፣ ሰማዩ ያን ሁሉ ውሃ እየላከልኝ፣ እኔ በጀሪካን ውሃ እገዛለሁ። የምገዛውም ከጣሪያ የተንጠባጠበው ያበላሸብኝን ጋቢ ለማሳጠብ ነው።

ቆርቆሮውም ቢሆን የድሮውና የዘንድሮው አንድ አይደለም። ድሮ ቤት የሚሠራ ሰው 28 ቁጥር ይገዛ ነበር፤ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ። ከዚያ 30 መጣ፣ 32 መጣ፣ አሁን 35 ቁጥር ያቀርቡልሃል፤ የ28ቱን ግማሽ ቢሆን ነው። ቁጥሩ ባደገ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ሻጩን ይህን ብዬ ስሞግተው «አባባ፣ 35 ከ28 አይበልጥም እንዴ?» ይለኛል፣ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ። ምን እመልስለታለሁ? እኔም ጡረተኛ ነኝ፤ ቁጥሩ እያደገ የሚሳሳ ነገር በየወሩ ፈርሜ እቀበላለሁ።

ሚስማሩስ? የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው እንጂ በጎድጓዳው አይደለም፤ ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነዋ። ከራሱ ሥር ጎሚኒ ይገባለታል። ጎሚኒውን ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ተበጣጥሶ አሸንዳ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቆርቆሮው ደግሞ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ይህን ዓመት ከዓመት ሲያደርግ ሚስማሩን ቀስ እያለ ይነቅለዋል። ማታ ማታ ጧ የሚለው ይኸው ነው። ባለቤቴ ሌባ ነው ብላ ትቀሰቅሰኛለች። ሌባ ቢሆንማ በማገሩ ላይ እየረገጠ ነበር የሚሄደው፤ ሌባ ጥንቁቅ ነው።

የሚያፈስበትን ቦታ ማግኘትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ዛሬ የሚያውቀው የለም እንጂ። ውሃ በገባበት አይንጠባጠብም። በቁንጮው በኩል ይገባና ወራጁን ይዞ ይሳባል፣ ማገር ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ኮርኒስ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ከገባበት ብዙ ርቆ እንግዳ በተቀመጠበት ራስ ላይ ጠብ ይላል። ስለዚህ በደረቅ ወራት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከኮርኒሱ በላይ ገብቶ በጨለማው መቀመጥ ነው። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ቀዳዳ ያለበት ሁሉ ያበራል፤ አንዷ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብትሆን እንኳ ትታያለች። በየቀዳዳው ቀጭን ሽቦ ሰክቶ ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከላይ የሚጠግነውም ሽቦውን አይቶ መድፈን። አለቀ። በግንቦት ቀትር ከቆርቆሮ ሥር ያለውን ሙቀት የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል፤ በላብ ተነክሬ ስወርድ ልጆቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዷማ «አባባን ሐኪም ይያቸው» ስትል ሰምቻታለሁ። አሸንዳውን ከማንጎ ቅጠል የሚያጸዳ ጠፍቶ ሐኪም ሊጠሩ!

ጠጋኙን ደግሞ ስሙልኝ። ሚያዝያ ላይ ስደውልለት «ፋዘር፣ ገና ነው እኮ» ይለኛል። ሰኔ ላይ «ወረፋ ነው ፋዘር»። ሐምሌ ላይ «እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አይወጣም ፋዘር»፤ ይህችስ እውነት ናት። መስከረም ሲጠባ «አሁንማ ዝናቡ ወጣ፣ ምን ያደርግልዎታል?»። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ቀን መጣ፤ የሰካኋቸውን ሽቦዎች «ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?» ብሎ ነቃቅሎ ጣለና ሬንጁን ያፈላ ጀመር።

ሬንጅ! የዚህ አገር የጣሪያ መድኃኒት ሁሉ ሬንጅ ነው። አንድ ክረምት ይይዛል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ በሥሩ እርጥበት ያምቃል፣ ዝገቱን ይሸፍነዋል። ጠጋኙ ላይ ብቻ ግን አልፈርድም፤ ከእሱ የበለጠ የተማሩትም ሠርተውታል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንኳ በ1954 እ.ኤ.አ. እናድሳለን ብለው ሬንጅ ቀብተዋቸዋል፤ በላዩም ቀይ ቀለም ደረቡበት። ድንጋይ መተንፈስ አለበት፤ የታመቀው እርጥበት ጉዳት ሆነ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባል ጣሊያናዊ ባለሙያ መጥቶ ያንን ሬንጅ ያስፍቅ ገባ። ኋላ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ትልልቅ መጠለያ ተሠራላቸው፤ ጣሪያ በጣሪያ ላይ። ያም መጠለያ በተራው ስጋት ሆነና በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። አያችሁ? ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለ ጣሪያም ቢሆን ልጠግንህ ባይ አያጣም።

ይህን ዳላስ ላለው ልጄ ባጫውተው «አባባ፣ እዚህ እኮ የብዙው ሰው ጣሪያ ሬንጅ ነክ ነው» አለኝ። እንዴት ነው ነገሩ ብለው፣ አሸዋ የተነሰነሰበት የሬንጅ ጨርቅ በጣውላ ላይ እየደራረቡ ይመቱታል አሉ፤ ሀብታሙም ደሃውም። ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ዕድሜ ልክ የሚከፈል የቤት ብድር ገብቶ፣ ከሬንጅ ሥር ይደር? «ኢንስፔክሽን የሚያደርግ ባለሙያ በየጊዜው ይመጣል» ሲለኝ ስልኩን ለእናቱ ሰጠኋት። እዚያም ይወጡባቸዋል ማለት ነው።

የጣና ደሴት አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ በሣር ይከደን በነበረ ጊዜ ያለ ጉዳይ የሚወጣበት አልነበረም። ክብ ነው፣ ሾጣጣ ነው፣ ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል የተሰካበት መስቀል አለ፤ ሣሩ ሲያረጅ አጥቢያው ተሰብስቦ ሣር አጭዶ ይከድናል፣ ይወርዳል። ዛሬ ብዙው ቆርቆሮ ለብሷል። ለእሳት ቆርቆሮ ይሻላል፣ አልክድም። ግን ክረምት ላይ ቅዳሴ ግቡና እዩ፤ ዝናቡ ሲወርድ የካህኑ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል፣ እኛም በግምት «አሜን» እንላለን።

ባለቤቴ ማማረሬ ሰልችቷታል። አንድ ቀን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ጠቢቡ ሰሎሞን በዝናብ ቀን የሚያፈስ ጣሪያንና ጨቅጫቃ ሴትን አንድ አድርጎ መጻፉን አነሳሁላት። ቡናውን መቅዳት ሳታቋርጥ «እሱማ ሰባት መቶ ሚስት፣ ሦስት መቶ ቁባት ይዞ ጣሪያ የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? አንተ አንድ ይዘህ ምን ያዘህ?» አለችኝ። ስኒዬን አንስቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

አሁን የደረስኩበት መፍትሔ ይህ ነው፦ መሰላሉን ከማንጎው ግንድ ጋር በሰንሰለት አሰርኩት። ቁልፉን ከመቁጠሪያዬ ጋር አንጠለጠልኩት። ለዲሽም፣ ለመብራትም፣ ለኳስም፣ ለሬንጅም፣ ማንም አይወጣም ብዬ ለቤተሰቡ አስታወቅሁ። ሁለተኛ ቁልፍ መኖሩን የነገረኝ የለም። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰንሰለቱ ተፈትቶ መሬት ላይ ተጥሏል፣ መሰላሉ የለም፤ ባለቤቴ ለጎረቤታችን አውሳዋለች። ጎረቤታችን አዲስ ዲሽ ገዝተዋል አሉ፤ የእሳቸው ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳተላይቱን አይዝም፣ ከእኔ ላይ ይሻላል ብሎ የዲሹ ልጅ ተስማምቷል።