ሐተታ አውታር ዘእንጦጦ

ሊቃውንት ስለ ሰማይ ሠራዊት ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ በግ አንጀት ግን ዝምታን መርጠዋል። ብዕራችን ከአፎቱ የተመዘዘው ይህን ነውር ለመሻር ነው። ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ በገናን የመሰለ ውስጠ ባዶና ድምፀ ጎርናና መሣሪያ ያለው ሰው ምን ዓይነት አውታር ይወጥርለት?

ባሕር ማዶ የተሰጠው መልስ በአክብሮት ተመዝኖ ቀልሎ ተገኝቷል። ጀርመናዊው ሆፍነር እ.ኤ.አ. በ1956 የቫዮሊን ቅርጽ ያለው ውስጠ ባዶ ቤዝ ጊታር ሠራ፤ ፖል ማካርትኒም በ1961 ሐምቡርግ ላይ ገዝቶ ለዓለም አሳወቀው። የዚህ ወገን ተከታዮች እስከ ዛሬ የሚከራከሩት በአውታሩ ላይ የሚጠመጠመው ሽቦ ክብ ይሁን ወይስ ዝርግ በሚለው ነው። ክቡ ያስጮኻል፣ ዝርጉ ያለዝባል። አውታሩ በጊታሩ አንገት ላይ ያለውን ፍሬት እየነካ ቢነዝር ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ ያወግዛሉ፤ ባለሙያ ይጠራል፣ ገንዘብም ይከፈላል።

በገና ደርዳሪ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? እሱ ያንኑ ንዝረት የሚያገኘው ለፍቶ ነው! እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩን በሚደግፈው በርኩማ መካከል ሆን ተብላ ትገባለች፤ አውታሩ በተመታ ቁጥር እየነካካት ያን የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። ቆዳዋ ለጥቂት ከተዛነፈች ድምፁ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ድሩን በሚያስተካክልበት ትዕግሥት አሥር ጊዜ ትገፋለች፣ አሥር ጊዜ ትሳባለች። እንግዲህ አውታር መምረጥ ማለት ለእንዝራ ባልንጀራ መፈለግ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

አሥሩ አውታር የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ መሆኑን አባቶች ያስተምራሉ። በጣት የሚደረድር ሰው ግን ስድስቱን ብቻ ያናግራል፤ አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ዝም የሚሉት ትእዛዛት የትኞቹ እንደሆኑ መመርመር ከዚህ ድርሳን ወሰን በላይ ነው፤ ጎረቤቶቻችንን አይተን ግን ግምት አላጣንም።

ወደ አውታሩ እንመለስ። ነባሩ አውታር ጅማት የሚባለው የበግ አንጀት ነው፤ ታጥቦ፣ ተከርሮ፣ ደርቆ ይወጠራል። ድምፁን የሚነቅፍ ሰው አላጋጠመንም፤ ጠላቱ እርጥበት ነው። እንጦጦ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ብላ ክረምቱን በጉም የምታሳልፍ ናት፤ ጅማቱ ይረጥባል፣ ይላላል፣ ቅኝቱም ይፈርሳል። የበገና ዋና ወቅት የሆነው የሁዳዴ ጾም ከክረምቱ ቀድሞ መዋሉን እንደ አጋጣሚ የሚያይ ካለ ለጅማት ባሕርይ ባዕድ ነው። በፍልሰታ ልደርድር የሚል ናይለን ይግጠም፤ እርጥበት ብዙም አይደፍረውም፣ ቶሎም አይበጠስም። ወግ አጥባቂዎች ናይለንን ይጸየፋሉ፤ እኛ ግን በጉን ወክለን እንፈቅዳለን።

የዚህ ተራራ ሥልጣን በወሬ የቆመ አይደለም። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እዚሁ እንጦጦ ነው፤ በገናንም ገና በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተምረዋል። ኢትዮፒክስ የተባለው የሙዚቃ ተከታታይ 11ኛው አልበም የእሳቸው ነው። አልበሙን በጥሩ ድምፅ ማጉያ የሰማ ቤዝ ተጫዋች ስለ ክብና ዝርግ ሽቦ የሚያነሳው ክርክር ያጥርለታል።

የብረት አውታርን በተመለከተ፦ ለክራር ተፈቅዷል፤ በበገና ላይ ግን አናየውም፣ አንሰማውም። ይህን ብያኔ የሚቃወም ቢኖር በሐምሌ ወር ጅማት የተወጠረ በገናውን ተሸክሞ እንጦጦ ይውጣና ይሞግተን። እስኪቃኝ እንጠብቀዋለን።