ጤናማው አዋጅ

ታሞ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ፈልግ ብትሉኝ አላገኝም። ታሞ የማያውቅ አዋጅ ግን በቁጥሩ ጠርቼ አሳያችኋለሁ፤ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002። ከጸደቀ ጀምሮ ትኩሳት ሳይነካው፣ ሳል ሳይዘው፣ ካርድ ክፍል ሳይሰለፍ አሥረኛ ዓመቱን በመደርደሪያ ላይ አክብሯል። ኤጀንሲ ተቋቁሞለታል። ደንብም ወጥቶለት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው ሌላ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ተወስኗል። የቀረው መጀመር ብቻ ነበር።

መጀመር ደግሞ ለጤና ጥሩ አይደለም። ከ10,000 ብር ደመወዝተኛ 300 ብር ስትቆርጡ ሰውዬው ሲያስለው መብት ያለው ይመስለዋል። መምህሩ ያጉረመርማል፣ ነርሷ «እኔ በምሠራበት ቤት ለመታከም ነው የምከፍለው?» ትላለች። ስለዚህ «ዝግጅቱ እየተጠናቀቀ ነው» ማለት ይሻላል። ሰዎች በዚህ ይቀልዳሉ፤ እኔ ግን ብልሃቱን አደንቃለሁ። ያልተሰበሰበ ገንዘብ አይመዘበርም፣ ያልተጀመረ አገልግሎት አይጓደልም፣ ባዶ ሣጥን ኦዲተር አይጠራም። በአገሪቱ እንዲህ ንጹሕ ሂሳብ ያለው ፈንድ ከየት ይገኛል?

ለገበሬውና በግሉ ለሚተዳደረው ሕዝብ ሌላ መንገድ ተቀየሰ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ አገር አዳረሰ። ልዩነቱን ልብ በሉ። ለደመወዝተኛው በሕግ ግዴታ ነው ተባለ፤ ለገበሬው በፈቃደኝነት ነው ተባለ። ከዚያ ግዴታው መደርደሪያ ላይ ተኛ፣ ፈቃደኝነቱ ዘመቻ ሆነ። ኮታ ወረደለት፣ አፈጻጸሙ በመቶኛ ተገመገመ። እህል ከአውድማ ሲገባ የቀበሌው ሊቀመንበር ደረሰኙን ይዞ ከተፍ ይላል።

«ጋሼ፣ ፈቃደኛ ነዎት?»

«እምቢ ብልስ ልጄ?»

«መብትዎ ነው። ብቻ ነገ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልገው ሲመጡ እንዳንተዛዘብ።»

ጋሼም በገዛ ፈቃዳቸው ይከፍላሉ።

ሽሙጤ መድኑ ላይ አይደለም። በሬውን ሳይሸጥ ልጁን ያሳከመ ገበሬ አለ፤ መዋጮ መክፈል ለማይችሉት የድሃ ድሃ ለሚባሉት ክልልና ወረዳ እንዲከፍሉላቸው መደረጉም ደግ ነገር ነው። የሚያስቀኝ ገንዘቡ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጨዋታ ነው። የወረዳውን የመድን ቦርድ የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። ሕክምናውን የሚሸጠው ጤና ጣቢያም የወረዳው ነው። እንግዲህ ወረዳው ከራሱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ለራሱ ሂሳብ ያቀርባል፣ ራሱን ይቆጣጠራል፤ ቅር ከተሰኘም ለራሱ አቤት ይላል። ጠብ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። እንዲህ ያለ ትዳር ለሁላችንም ይስጠን።

በዚህ ሰላም መሐል የሚረብሽ ሰው ቢኖር ሕመምተኛው ነው። የመድን አባልነት ደብተሩን ያሳያል፣ ይመረመራል፣ ማዘዣ ይጻፍለታል፤ ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት «አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» ይባላል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ጤና ጣቢያው ያከመበትን ሂሳብ ልኮ ክፍያው ሲዘገይበት መድኃኒት የሚገዛበት ብር ያጣል፤ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አባሉ በዓመቱ ደብተሩን ማሳደስ ይተዋል፤ አባል ሲጎድል ፈንዱ ይሳሳል፤ ፈንዱ ሲሳሳ ክፍያው ይብሱን ይዘገያል። መፍትሔውም ያው የታወቀው ነው፤ የሊቀመንበሩን ኮታ መጨመር።

መንግሥትስ? በሙከራው ዘመን የፌዴራሉ ድጎማ የመዋጮውን ሩብ ያህል ነበር፤ መድኑ ሲስፋፋ ወደ 10 በመቶ ወረደ። በ1993 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። የቃል ጥሩነቱ ከደመወዝ አይቆረጥም።

ስለዚህ፣ አዋጅ የምታረቅቁና የምታሻሽሉ ወገኖች፣ አባሉ የሚቀጣበትን አንቀጽ ስትጽፉ ለወረዳውም ሦስት መስመር አትንፈጉት። አንደኛ፣ መድኑን የሚመራና ጤና ጣቢያውን የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይሁን። ሁለተኛ፣ አባሉ በጤና ጣቢያው ያጣውን መድኃኒት ከውጭ በገዛበት ደረሰኝ ገንዘቡ በተወሰነ ቀን ይመለስለት። ሦስተኛ፣ ከወረዳው ውጭ በሆነ ኦዲተር የተመረመረው ሂሳብ ማንም እንዲያነበው በየዓመቱ በጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ።