ምን ጠፋብህ?

ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በኛ አገር ሰላም የለውም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ሁሉ የዓለም ሳጋን ደን ያውቀዋል፤ ከ800 ሄክታር በላይ የመንግሥት ደን፣ ክትክታውና አጋሙ በአንድ ወገን፣ የተተከለው የፈረንጅ ጽድ በሌላ ወገን። ለሃይኪንግ ከዚህ ወዲያ የት ይኬዳል? ግን ገና ከአስፋልቱ ስትወርድ፣ «ምነው፣ ምን ጠፋብህ?» ትባላለህ። «ምንም» ካልክማ ባሰብህ። ምንም ያልጠፋበት ሰው ጫካ ለጫካ ምን ያንከራትተዋል?

አገሬው መሄድ ጠልቶ አይደለም። ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ጭኖ ነው እንጂ። ከዚህ አገር የተነሣው ትልቁ ጉዞም ጭነት ነበረው። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት በሚሲዮናውያን ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው መጋቢት ላይ ነው። መንገድ ስላልነበረ መንገዱም አብሮ ይሠራ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሣሉ፣ ሠራዊቱ ዳገቱን ከፊት ይጎትታል፣ ቁልቁለቱን ከኋላ ይይዛል። ስንቁስ? ጫማውስ? እኔ ለአንድ ቅዳሜ ቡትስ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስንከራተት ከርሜያለሁ። «ምን ጠፋብዎ?» የሚል ደፋር ቢገኝ ኖሮም ንጉሡ መልስ አያጡም ነበር፤ ያኔ አገሩ ከእጃቸው ወጥቷል።

እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። በአንድ ማኪያቶ ካፌ በረንዳ ላይ ተጎልቶ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ሲቆጥር የሚውለውን ማን ጠየቀው? ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ከቢሮ የሚጠፋውንስ? ዛፉን የሚቆርጠው ሥራ ላይ ነው፤ ዛፉን የሚያየው ሥራ ፈት! እንዲህ እያሰብን አይደል እንዴ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ የአገር ዛፍ ብርቅ የሆነብን?

ጠያቂዎቹ ግን ክፉ አይደሉም። አንድ አዛውንት ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» ሲሉኝ፣ ማስረዳቱ ታክቶኝ «በቅሎ» አልኳቸው።

«መልኳ?»

«ቡላ።»

ሥራቸውን ትተው፣ «ግድ የለህም፣ ውሃው ጋ ትሆናለች» እያሉ፣ ከየክትክታው ሥር እያጎነበሱ ደኑን ዳር እስከ ዳር አዞሩኝ። እንዲህ ያለ አስጎብኚ በገንዘብ አይገኝም።

አሁን የቸገረኝ፣ ከእንግዲህ ምን ይዤ ልሂድ የሚለው ነው። ገመድ ብይዝ ጥበቃው እንጨት ሊሰርቅ ነው ይለኛል። መጥረቢያማ አይነሣ። ዣንጥላ ብይዝ ለቅሶ ደራሽ መስዬ አልፍ ይሆናል፤ «ማን ሞተ?» ቢሉኝስ? ምናልባት ጉና ተራራ ይሻል ይሆን? ከ4,100 ሜትር በላይ እንኳን ለወሬ፣ ለሰላምታም አፍ የሚያስከፍት ብርድ አይደለም። ርብና ጉማራም ከዚያ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ጣና የሚሮጡት ወደው አይመስለኝም።