ለወንዝ ዳር አልሚዎች የቀረበ ምስጋና

በአዲስ አበባ ጀግና ጠፋ የሚሉ ሰዎች ወደ ወንዝ ወርደው አያውቁም። ከቀበና እስከ ቡልቡላ፣ ከቀጨኔ እስከ ጀሞ፣ ወንዝ አፋፍ ላይ መሠረት የሚያወጣ ሰው ሞልቷል። ከባንክ ተበድሮ፣ ዕቁቡን አስቀድሞ በልቶ፣ ከውኃ ጋር ይጋፈጣል። እኛ ግን ስሙን በበጎ አናነሳውም። ዛሬ ከዕዳችን ጥቂቱን እንክፈል።

መጀመሪያ የሚደነቀው ዓይኑ ነው። ሌላው ወንዝ በሚያይበት ቦታ እሱ ካሬ ሜትር ይታየዋል። ቦታውን የሚጎበኘው በጥር ነው፤ ያኔ ውኃው ቁርጭምጭሚት አያርስም። ደላላው «ጋሼ፣ ፊቱ ክፍት ነው፤ ማንም መጥቶ አይጋርድብዎትም» ይለዋል። እውነቱን ነው። በዚያ በኩል ያለው ጎረቤት የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው፤ ሲመጣም አይጋርድም፣ ይገባል።

ቀጥሎ ጽዳቱ ይመጣል። ዳር ዳሩን ያለው ሾላ፣ ቄጠማና ቁጥቋጦ «የሌባ መደበቂያ» ተብሎ በአንድ ቀን ይመነጠራል። ሥሩ አፈሩን ይዞ፣ ጥላው ውኃውን አቀዝቅዞ ይኖር ነበር። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ደግሞ አየሩም ስስ ነውና ድሮም የተረፈ አልነበረም። ዓሣው ይሄኔ ወይ ይሰደዳል ወይ ይሞታል። ያም ሆነ ይህ ቦታ ለቀቀ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት እጥረት በጠናበት ከተማ ይህን ያህል የተባበረ ነዋሪ የለም።

ትልቁ ውለታ ግን የአፈሩ ነው። ከመሠረት የወጣው አፈር የት ይደፋ? የተፈቀደው መድፊያ ሩቅ ነው፣ ነዳጅ ተወዷል። ሲኖትራኩ ማታ ይመጣና ወደ አፋፉ በኋላ ማርሽ ተጠግቶ ይገለብጣል። የቀረውን ዝናብ ይጨርሰዋል። ጤነኛ ጅረት ያገኘ ሰው አንድ ድንጋይ ገልብጦ ይይ፤ ከሥሩ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላት፣ በጎንና ጎኗ ስንጥቧን እያርገበገበች የምትተነፍስ ጠፍጣፋ ነፍሳት ያገኛል። ክንፍ አውጥታ የምትኖረው ቢበዛ ለጥቂት ቀን ነው፤ የቀረውን ዕድሜዋን እዚያው ድንጋይ ሥር ታሳልፋለች። በአዋሽ ተፋሰስ ጅረቶች ደግሞ ጋራ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ከአፉ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ኃይለኛ ውኃ ይቋቋማል። ደለሉ ሲወርድ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ስንጥቡን ያፍናል፣ እንቁላሉን ይቀብራል። እንግዲህ አልሚያችን የራሱን ቤት ከመለሰኑ በፊት የእነሱን ለሰነላቸው፤ ያውም በነጻ።

ልስን ከተነሣ ሲሚንቶም ይነሣ። የሚክሰሩ እጣቢ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ትኩስ የሲሚንቶ ውኃ ፒኤቹ 12 ያልፋል፤ አብዛኛው ዓሣ ከ9 በላይ ሲሆን አይችልም። እንቁራሪት በቆዳዋም ስለምትተነፍስ ፈጥና ትሰናበታለች፤ ሰፈሩም ጸጥ ይላል። የትንኝ እጭ ሲለቅሙ የነበሩት ሁሉ አልቀው ትንኟ ስትበዛ ግን፣ ያ የመንግሥት ጥፋት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 92 ልማት የአካባቢውን ደኅንነት እንዳያናጋ አዝዟል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሰነዱ ይዘጋጃል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ መሳቢያ ይገባል። በሰነዱ ውስጥ ያለው ወንዝ የጠራ ነው፤ ዛፉ ይተከልለታል፣ ደለሉ ይጣራለታል። ወንዝ በወረቀት ላይ እንዲህ ከተከበረ፣ ውጭ ያለው ምን ቀረብኝ ሊል ነው?

ጨዋታ የማይገባቸው ባለሙያዎች ግን ዝም አይሉም። ቁፋሮውን በበጋ ጨርሱ ይላሉ። ዳር ያለውን ዛፍና ሣር አትንኩ፣ የተቆፈረውን አፈር ሸፍኑት፣ ጎርፉ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ደለሉን የሚያራግፍበት ጉድጓድ አብጁ፣ ሚክሰሩን ከወንዙ ርቃችሁ እጠቡ፣ መሻገሪያ ካስፈለገ ቱቦውን ሰፋ አድርጉት ይላሉ። ምክሩ አንድ ነውር አለው፤ ርካሽ ነው። አካፋ፣ ሸራና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ነገር በጨረታ ሰነድ ላይ ምን ግርማ ሞገስ አለው?

አልሚያችን በምትኩ ግንብ ያቆማል። የጠበበው ውኃ ይፈጥናል፤ ፈጥኖም ማዶ ያለውን ጎረቤት አፈር ይበላል። ጎረቤትም የባሰ ግንብ ያቆማል። ጣሪያውና ኮብልስቶኑ ዝናቡን ወደ መሬት አላሰርግ ስላለው ከየግቢው የሚወጣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወንዝ ይገባል። በነሐሴ 2013 ጎርፍ በከተማዋ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ እኛ ዝናቡን ወቀስን። ዝናብ ካርታ የለው፣ ጠበቃ የለው።

ስለ ታችኛው ተፋሰስ የሚጨነቅ ካለ አይጨነቅ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ሁሉን ተሸክመው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ የሀገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ ደለሉን ተቀብሎ እምቦጭ ያበቅልበታል። ከዚያ የተረፈው አዋሽ ይገባል፣ ወደ ቆቃ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ውስጥ ወርዶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሀብት ወደ ውጭ በሚሸሽበት ዘመን ይህን ያህል ሀገር ወዳድ ቆሻሻ ከየት ይገኛል? ቀድሞ የሚመለስም አለ፤ በአቃቂ ውኃ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ተጭኖ ወደ ከተማ ይመጣል፣ ከአልሚያችንም ገበታ ይቀርባል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ቤት ሊሠሩ ካሰቡ «ቦታውን በሐምሌ ሄደው ይዩት፣ ከወንዙም ራቅ ይበሉ» የሚል ሰው አይጠፋም። አይስሙት። ከሰሙት ቤትዎ ይቆማል፣ ዓሣው ይተርፋል፣ ጎረቤትዎም በሰላም ይከርማል፤ ምስጋናችን ግን አይደርስዎትም።