መቼ ልጻፍ?

«ዘንድሮ ስንት ጥናት አሳተምክ?» ይህች ጥያቄ አንገሸገሸችኝ። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ተቀምጬ የጥርስ ሕክምና ሳስተምር በየዓመቱ ተጠየቅኋት። አዲስ አበባና ጅማ ያሉ የሙያ ወንድሞቼም የማዕረግ እድገት በመጣ ቁጥር ይጠየቋታል። መቼ እንደምንጽፍ ግን ጠያቂ የለም።

የኛ ማስተማር ሰሌዳ ላይ ጽፎ መውጣት አይደለም። ተማሪ መሰርሰሪያ ይዞ የሰው አፍ ውስጥ ሲገባ አጠገቡ መቆም የግድ ነው። አንዱን ጥርስ አይቼ ቀና ስል «ያ ዶክተር! ያ ዶክተር!» ከሦስት ወንበር ይጠሩኛል። ጓንት አውልቅ፣ ጓንት አጥልቅ። በዚህ መሀል መብራት ይሄዳል፤ ኮምፕረሰሩ ጸጥ ይላል፤ በሽተኛው አፉን እንደከፈተ ጄኔሬተር እንጠብቃለን። ማታ ቤቴ ስገባ ወገቤ ተቆርጦ፣ ዓይኔ ፈዞ ነው።

የሚጠና ነገር ቢጠፋ ኖሮ ባልተቆጨሁ። ሱዳኖች ከንፈራቸው ሥር የሚወትፉት ቱምባክ የተባለ ትምባሆ የአፍ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው የካርቱም ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ስለለፉበት ነው። በኛም ስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ አይለፍ ቢልም፣ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ይህን የኛ እጅ ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል?

ጽፈህስ? ብዙ መጽሔት ማሳተሚያ በዶላር ክፈል ይላል። ሱዳን ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. 20 ዓመት በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ኖረች፤ ማዕቀቡ ከተነሳ በኋላም የካርቱም የባንክ ካርዴ ለውጭ ክፍያ አልሠራልኝም፤ ዲያስፖራ ዘመድ ደጅ ጠናሁ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ኢንተርኔቱ ከወር በላይ ሲዘጋ፣ ለገምጋሚዎች መልስ የምሰጥበት ቀነ ገደብ አለፈብኝ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። የአራት ዓመት የበሽተኞች መዝገቤ፣ ዕድሜና የቱምባክ ዘመን በእጄ የተሞላበት፣ ዐማራት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ጦርነቱን ማንም አያስቆምልኝም ነበር። በሳምንት አንዲት ከክሊኒክ ነፃ የሆነች ቀን ብትሰጠኝ ግን ያ መዝገብ ጦርነቱ ሳይደርስበት ታትሞ ነበር። አሁንም የምለምነው ያችኑ ቀን ነው፤ ለኔ ባይሆን መሳቢያቸው ሞልቶ ለተቀመጡት።