ምርቃት የሌለበት ገበያ

እኩዮቼ፣ እናንተ ስሙኒና አላድ ስል የሚገባችሁ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ዋጋ የማይጠራበት ገበያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ያውም ለንደን ድረስ ሄጄ፣ ያውም መግቢያ ተከፍሎልኝ።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነው። ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል የልጅ ልጄ «አባባ፣ ሥዕል ላሳይህ» አለችኝ። «ላሳይህ!» እኔ አባቴን «እርስዎ» እንዳልኩ ነው የቀበርኳቸው። ይለፍ። የወሰደችኝ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ፣ ሶመርሴት ሃውስ የሚባል ቤተ መንግሥት የሚመስል ግቢ ነው። የገበያው ስም ቁጥር ነው፤ 1-54። አንድ አህጉር፣ 54 አገር ማለት ነው አሉኝ። ቱሪያ ኤል ግላዊ የምትባል ሞሮኳዊት እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረችው ሲሆን ኒውዮርክና ማራኬሽም ይቆማል። ድሮ የገበያ ስሙ ቀኑ ነበር፤ ቅዳሜ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ። ሰው መቼ እንደሚሄድ ያውቃል። ቁጥርማ የስልክ ነው።

ከየአገሩ የመጣው ሥዕል ቤት ሁሉ (እኔ «ጋለሪ» አልልም) የየራሱ ዳስ አለው። ዳስ ስላችሁ ቅጠል የለውም፤ እንደ ሆስፒታል የነጣ ግድግዳ ነው። አራት ሥዕል ይሰቅሉና የቀረውን ባዶ ይተዉታል። ያን ሁሉ ኪራይ ከፍሎ ግድግዳ ጦም ማሳደር! የእኔን ሳሎን ብታዩ መዳፍ የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ አታገኙም።

ዋጋ የሚባል ነገር የትም አልተጻፈም። አንዱ ዳስ ገብቼ «ስንት ነው?» ብል፣ ጥቁር የለበሰች ልጅ ድምጿን እንደ ንስሐ ዝቅ አድርጋ «ተይዟል» አለችኝ። ለካስ ከሕዝቡ በፊት ለባለጸጎች የተለየ ቀን አለ። አንዳንዱማ ፎቶውን በስልክ አይቶ፣ ሳያገላብጥ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገዛል። የተሸጠው ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፋል፣ አለቀ። ክርክር የለ፣ እየሄዱ መመለስ የለ። ወጣቱ ደግሞ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሣል። የእኔ አሥራ አንዱ ፎቶ ለማስረጃ ነው።

ከዚያ አንድ ዳስ ስንደርስ እግሬ አልሄድ አለ። ከአገራችን የመጣው አዲስ ፋይን አርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ የተከፈተው። የታደሰ መስፍንን ሴቶች ሰቅሏል። የጉልት ሴቶች ናቸው! ሠዓሊው የሕይወት ምሰሶዎች ብሏቸዋል። እንደ አክሱም ሐውልት ተመዘው ቆመዋል። ፊታቸው በቅጡ አይለይም። በእኛ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ይሥለው ነበርና ሰው ማንን እንደሚሳለም ያውቅ ነበር። እነዚህን በምን ልለያቸው? አንዷን ግን ለየኋት። የሰፈሬ ሽንኩርት ሻጭ ናት። በቃ፣ አቋቋሟ እሷን ነው። ሃያ ዓመት በአንድ መደብ ሽንኩርት የተጨቃጨቅኋት ሴት ለንደን ገብታ ሰው በሹክሹክታ ይዞራታል፤ «መርቂልኝ» የሚላት አንድ ጨዋ የለም! ቀስ ብዬ «አንቺስ ስንት ትያለሽ?» አልኳት። የልጅ ልጄ ኮቴን ጎተተችኝ።

በእኛ ዘመን ሥዕል ክብር ነበረው፤ ደግሞም ይገባን ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ ያን ቅርጽ አልባ ሥዕሉን ሲያሳየን ወዲያው ነው የገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልፈጀብኝም። በስልሳዎቹ፣ አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንዱ ሥዕሉን አርባ ብር አለኝ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመልሼ በአሥራ ሁለት ብር ከስሙኒ ተስማማን፤ ክፈፉን አስመረቅሁት። ልጁ በደስታ እንባ አቅርሮ ነበር። ሥዕሉ እርጥበት ያፈረሰውን ግድግዳ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደ ወታደር ሸፍኖልኛል። የዛሬ ሥዕል ይህን ይችላል? በኋላ ቆንጆ ካሌንደር ሳገኝ ነው ያወረድኩት።

የሙዙን ጉድማ ሰምታችኋል። ጣሊያናዊው የጥበብ ሰው ካቴላን እ.ኤ.አ. በ2019 ማያሚ በተደረገ የሥዕል ገበያ ሙዝ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጥፎ 120,000 ዶላር አለ፤ ገዢም አገኘ። በ2024 ደግሞ ኒውዮርክ በጨረታ 6.2 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ የገዛው ሰውዬ ላጠና በላው። ሙዙ የተገዛው ከጨረታው ቤት ደጅ ፍራፍሬ ከሚሸጡ አንድ አዛውንት፣ በ35 ሳንቲም ነው። ሽማግሌው ሲሰሙ አለቀሱ አሉ። እኔንም አንጀቴን በላኝ። አንድ ሙዝ 35 ሳንቲም! እኔ ብሆን በ25 ነበር የምወስደው።

ያኔ ከለንደን አገሬ እንደገባሁ የዚያችን ሥዕል ፎቶ ይዤ ጉልት ወረድኩ። ሽንኩርት ሻጯ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝና ብዙ አየችው። «በስንት ሄደች?» አለችኝ። «እዚያ ዋጋ አይነገርም፤ ‹ተይዟል› ብቻ ነው የሚሉት» አልኳት። ሳቅ ብላ መደቧን ማስተካከል ጀመረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽንኩርት ስንት ነው ባልኳት ቁጥር «ተይዟል፣ ጋሼ» ትለኛለች። ምርቃቱንም አስቀርታዋለች።