ሁለት ሰው በአንድ ታንኳ፦ ከአርዴሽ ወንዝ ዳር የተካሄደ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

በደቡብ ፈረንሳይ፣ አርዴሽ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቋሚ ሥራ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ልጅ አሳድገው የዳሩ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው ተመዝግበው በማለዳ ይሰበሰባሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ታንኳ ይቀዝፋሉ፤ ከታንኳው ወርደው የተራራ ብስክሌት ይነዳሉ፤ ከብስክሌቱ ወርደው ድንጋያማ ዳገት በሩጫ ይወጣሉ። ሲጨርሱ ግማሽ ሙዝና አንድ ካናቴራ ይሰጣቸዋል። ያስገደዳቸው አካል የለም። ጉዳዩ በአማርኛ በወጉ ሊመረመር ይገባል ብለን የተነሣነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የስፖርቱ ሰዎች ውድድሩ ሦስት ዘርፎች አሉት ይላሉ። የዚህ ጥናት ግኝት አራት ናቸው የሚል ነው። አራተኛው ጭቅጭቅ ሲሆን፣ ከሦስቱ የሚለየው መነሻውና መድረሻው በሪባን ባለመከለሉ ነው። አንዳንድ ጥንዶች ከቤታቸው ጀምረውት ይመጣሉ፤ ሊጨርሱት የሚችሉት ደግሞ መኪና ውስጥ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ጥናቱ በተካሄደበት ወቅት አጥኚው ወንዙ ዳር ቆሞ ዳቦ በአይብ ይበላ ነበር። ይህ የሆነው ለሳይንሳዊ ገለልተኝነት ሲባል ነው።

የቀደሙ ሥራዎችን በአጭሩ እንቃኝ። ዘመናዊው ትራያትሎን ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሚሽን ቤይ ላይ ሲጀመር 46 ሰዎች ሮጡ፣ ብስክሌት ነዱ፣ ዋኙ። በ1978 ሃዋይ ላይ የመጀመሪያው አይረንማን ሲደረግ 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ጨረሱ። በሁለቱም ላይ ተወዳዳሪ ከተወዳዳሪ ተጨቃጨቀ የሚል ማስረጃ አላገኘንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዋናተኛ አፉ ውሃ ውስጥ ነው። ዋናው ወጥቶ በምትኩ ታንኳ ሲገባ ግን የሰው አፍ ከውሃ በላይ ዋለ፤ አጠገቡም ሌላ ሰው ተቀመጠ። ለስፖርቱ ዕድገት ከዚህ የበለጠ ዕርምጃ አናውቅም።

የተራራ ብስክሌቱ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌት ይዘው አቧራማ ቁልቁለት ይወርዱ ጀመር። ፍሬናቸው ውስጥ ያለው ግሪስ ቁልቁለቱ ሳያልቅ ስለሚጨስ በወረዱ ቁጥር አዲስ ግሪስ ይሞሉ ነበር። ይህን እያደረጉም ደስተኞች ነበሩ። ኋላ ከዚህ ትልቅ ኢንዱስትሪ ተወለደ። ስለ ሩጫው ታሪክ የኢትዮጵያን አንባቢ ማስተማር ድፍረት ስለሚሆን እንለፈው።

ወደ ዋናው መሣሪያ እንመለስ። ታንኳው ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራና ባዶውን ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነው፤ ሁለት መቀመጫ አለው። ፊት የሚቀመጠው ድንጋዩን ያያል፤ ታንኳውን ማዞር ግን እምብዛም አይችልም፤ ድርሻው ጉልበት ማዋጣት ነው። ኋላ የሚቀመጠው ታንኳውን ያዞራል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ግን የባልደረባው ጀርባ ነው። ባጭሩ የሚያየው አይመራም፣ የሚመራው አያይም። አንባቢው ይህን አደረጃጀት ከሌላ ቦታ የሚያውቀው ከመሰለው አጋጣሚ ነው፤ የጥናቱ ወሰን ወንዙ ብቻ ነው።

ኋላ ማን ይቀመጥ ለሚለው ጥያቄ ፊዚክስ መልስ ሰጥቶበታል፤ ከባዱ ሰው ይቀመጥ። ከባዱ ፊት ከሆነ የታንኳው አፍንጫ ውሃ ውስጥ ይቀበራል፣ ኋላው ወደ ላይ ይነሣል፣ ታንኳውም እንደ ፈቀደው ይዞራል። እንግዲህ በታንኳ ላይ ሥልጣን የሚሰጠው በዕውቀት ወይም በልምድ ሳይሆን በኪሎ ነው። ወንዙ ዳር ቆመው ከሁለታችን ማን ይከብዳል በሚል የሚከራከሩ ባልና ሚስት ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ክርክር ረትቶ ደስ ያለው ሰው ግን አላጋጠመንም።

ከዚህ የከፋው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። በግራ ሲቀዘፍ ታንኳው ወደ ቀኝ ያመራል፤ በቀኝ ሲቀዘፍ ወደ ግራ። ልምድ ያለው ቀዛፊ ይህን የሚያርመው በያንዳንዱ ቅዘፋ መጨረሻ መቅዘፊያውን ወደ ውጭ ገፋ በማድረግ ነው፤ ልምድ የሌለው የሚያርመው በጩኸት ነው። ከፊት ያለው ሰው «ግራ!» ብሎ ሲጮኽ ወደ ግራ እንሂድ ማለቱ ይሁን በግራ ቅዘፍ ማለቱ አይታወቅም፤ ሁለቱ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። በዚህ መሐል ከኋላ «የማን ግራ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው የተቀመጡ በመሆናቸው ግራቸው አንድ ነው። ይህም ሆኖ ጥያቄው በተደጋጋሚ ሲነሣ ሰምተናል።

በቅርብ ለመመልከት የመረጥናቸው ናሙናዎች ከሊዮን የመጡ ሁለት ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንደኛው በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሁለተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚውል ጎልማሳ ነው፤ አማቹን «ጋሼ» ይለዋል፣ በአንቱታም ያናግረዋል። ያስመዘገበቻቸው በመካከላቸው ያለችው ሴት ናት፤ ለአንዱ ሚስት፣ ለሌላው እህት። ዓላማዋ መቀራረብ እንደነበር ተነግሮናል። የቡድናቸው ስም «ድር ቢያብር» ነው። ድምፅ ማጉያ የያዘው ፈረንሳዊ «ዲግ ቢያብግ!» ብሎ ሲጠራቸው ሌላ ቡድን መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሹፌሩ ከባድ ስለሆነ ኋላ ተቀመጠ። ለሙያው የሚስማማ ቦታ እንዳልሆነ ያወቅነው ቆይተን ነው። የአውቶቡስ ሹፌር የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው ከፊት ተቀምጦ፣ መንገዱን በራሱ ዓይን እያየ ነው፤ ተሳፋሪ ሹፌሩን እንዳያናግር የሚከለክል ጽሑፍም ከራሱ በላይ ተለጥፎለታል። አሁን ግን ተሳፋሪው ከፊቱ ተቀምጦ መንገድ ያሳየዋል።

አርዴሽ ከቫሎን ፖን ዳርክ ከተማ አለፍ ሲል፣ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት፣ በፖን ዳርክ ሥር ይሾልካል። ይህ ወንዙ ራሱ አለቱን ሰርስሮ የሠራው የተፈጥሮ ቅስት ነው፤ ከፍታው 54 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ወደ 60 ሜትር ይጠጋል። እዚያው አቅራቢያ ከ30,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የአንበሳ፣ የአውራሪስና የፈረስ ሥዕሎች ያሉበት የሾቬ ዋሻ ይገኛል። ዋሻውን ዲሴምበር 18 ቀን 1994 ያገኙት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ የሚጠራው ግን በአንዳቸው ስም ነው። ስለ አብሮ መሥራት የሚያጠና ሰው ይህን ሳይጠቅስ ቢያልፍ ያስወቅሰዋል። በግድግዳው ላይ አንበሶች ተሥለዋል፤ በድር የታሰረ ግን አንድም የለም።

ከቅስቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ሻርለማኝ የሚሉት ስፍራ አለ፤ ውሃው ጠበብ ብሎ ይፈጥናል፣ ነጭ አረፋም ያወጣል። ፎቶ አንሺው የሚቆመው እዚህ ነው። ፎቶ አንሺው ከውድድሩ ሰዎች ሁሉ ስለ ሰው ልጅ ባሕርይ የበለጠ የሚያውቅ እንደሆነ እናምናለን። ናሙናዎቻችን ሲደርሱ የሚከተለው ተመዘገበ።

«ጋሼ፣ ከፊታችን ድንጋይ አለ።»

«አይቼዋለሁ።»

ይህ መልስ በጂኦሜትሪ የማይቻል ነው፤ በቤተሰብ ውስጥ ግን የተለመደ ነው።

«እንግዲያው እባክዎን ትንሽ ወደ ግራ ቢያደርጉልን…»

«በግራ እየቀዘፍኩ አይደል እንዴ!»

«አይ ጋሼ፣ ወደ ግራ እንድንሄድ በቀኝ በኩል ቢቀዝፉ ነው የምልዎት…»

«ወይ ግራ በል፣ ወይ ቀኝ በል! አንዱን ቁረጥ!»

አንቱታ ጊዜ ይወስዳል፤ ውሃው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ታንኳው በጎኑ ዞሮ ድንጋዩ ላይ ተለጠፈ። እንዲህ ሲሆን ትክክለኛው ዘዴ ወደ ድንጋዩ መደገፍ ነው፤ ወዲያ ከሸሹ ውሃው በላይኛው ጠርዝ ገብቶ ታንኳውን ይገለብጠዋል። የሰው ተፈጥሮ ግን ከድንጋይ መሸሽ ነው። ሁለቱም ሸሹ። ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ ያለ ክርክር የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

ታናሹ ከውሃው ብቅ ሲል ያሰማው ድምፅ እስከ ዳር ተሰማ፦ «ያዘው! መቅዘፊያውን ያዘው እንጂ! ምን ታያለህ!» ሹፌሩ መቅዘፊያውን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አማቹ ዞረ። «ታያለህ» የምትለዋ ቃል ከመቅዘፊያው ቀድማ ደርሳዋለች። ሕይወት አድን ጃኬት ሰውን ያንሳፍፋል፤ ለተነገረ ቃል ግን የሚሆን መሣሪያ ገና አልተፈለሰፈም።

የብስክሌቱ ዘርፍ በዝምታ ተጀመረ። ዝምታ የጭቅጭቅ ማቆሚያ ተደርጎ መወሰዱ በዘርፉ የቆየ ስሕተት ነው፤ ዝምታ የጭቅጭቅ የላቀው ደረጃ ነው። መንገዱ ነጭ የኖራ ድንጋይ የተበተነበት፣ ዳርና ዳሩ የጦስኝ ሽታ የሚሸትበት ቀጭን ዱካ ነው። የረጠበ ሱሪ ኮርቻ ላይ ሲፋተግ የሚያስከትለውን ቁስል፣ ልምድ ያላቸው ተወዳዳሪዎች በቫዝሊን አስቀድመው ይከላከሉታል። ናሙናዎቻችን ቫዝሊኑን ያስቀመጡት ውሃ በማያስገባው በርሜል ውስጥ ነበር፤ በርሜሉ ደግሞ ክዳኑ ሳይጠብቅ ቀርቶ ወንዙን ይዞ ሄዷል። ክዳኑን ማን ይዝጋ የሚለው ጥያቄ ከኋላው ብስክሌት ተነሥቶ ከፊተኛው መልስ ሳያገኝ ቀረ።

እርቁን ያመጣው ገመድ ነው። ብርቱው ደካማውን ዳገት ላይ እንዲጎትት በሁለቱ ብስክሌቶች መካከል የሚለጠጥ ገመድ ማሰር በእንዲህ ያለ ውድድር የታወቀ ዘዴ ነው። ታናሹ ምንም ሳይል ገመዱን አሰረና ወደፊት ወጣ። ሹፌሩ ማርሹን አቅልሎ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ለመውጣት ሞከረ፤ ገመዱ ግን ተወጠረና ወሰደው። በገመድ የሚጎተት ሰው የማኩረፍ መብቱ በእጅጉ ይገደባል። ዳገቱ አናት ሲደርሱ «ቀስ በል ልጄ፣ ልብህን ትጨርሳለህ» ሲል ሰምተነዋል። ታናሹም «ምንም አልሆንኩም፣ ጋሼ፤ እርስዎ ብቻ ይበርቱ» አለ። አንቱታው ተመለሰ።

ለሩጫው ሲነሡ ያልታሰበ ችግር ገጠማቸው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ሰምተዋል። በ1996 አትላንታ ላይ የተራራ ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ፣ በዚያው ኦሎምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የ10,000 ሜትሩን፣ ፋጡማ ሮባ ደግሞ የሴቶቹን ማራቶን ወርቅ ወስደዋል። ከዚያ ወዲህ በውጭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስኒከር ባጠለቀ ቁጥር የነዚህን ሰዎች ስም ይሸከማል፤ ሹፌር ይሁን የኮምፒውተር ሰው ማንም አይጠይቅም። አንድ ፈረንሳዊ ጥንድ «እነሱን ተከትለን እንሩጥ» ብሎ ከኋላቸው ተሰለፈ። ዳገቱ እንደ ተጀመረ ናሙናዎቻችን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይራመዱ ጀመር። ፈረንሳውያኑ ይህ የታወቀው የኢትዮጵያውያን ዘዴ ነው ብለው እነሱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ጥቂት ሄደው አዝነው አለፏቸው።

በደንቡ መሠረት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች በየምልክት ቦታው አብረው ማለፍ አለባቸው፤ ሰዓቱም የሚያዘው ሁለተኛው ሰው መስመሩን ሲረግጥ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት በዚህ ስሌት አይሠራም። ሁለት ሲሆኑ የሚገኘው የሁለት ሰው ጉልበት ሳይሆን የደካማው ሰው ፍጥነት ነው፤ ብርቱው የሚያተርፈው ዞር እያለ የሚያይበት ጊዜ ነው። ብዙ ጥንዶች መስመሩን እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያልፉት ፍቅር ስለያዛቸው ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን አንዱ ቀድሞ ቢገባ ምንም ስለማይጠቅመው ነው የሚለውን ማብራሪያ እንመርጣለን።

«ድር ቢያብር» ጨርሷል። ሙዙን ተካፈሉ። ፎቶ አንሺው ያነሣቸውን ምስል ከዘረጋበት ጠረጴዛ ላይ ሹፌሩ ራሱን ለይቶ አገኘ፤ በፎቶው ላይ አፉን ከፍቶ ወደ ሰማይ ያያል፣ የአማቹ ደግሞ ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። «ይኸው፣ አየህ? እኔ ግራ ነበርኩ» አለ። ታናሹ ፎቶውን አገላብጦ አየና «ልክ ነዎት» አለ። ፎቶውን ሹፌሩ ገዛው፤ ሳሎን ውስጥ ይሰቀል አይሰቀል ሚስቱ እስክትወስን በአውቶቡሱ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ለመጪው ዓመት ስለ መመዝገብ ሲነሣ ሁለቱም ፈቃደኞች ነበሩ። የምዝገባው ቅጽ ስም፣ ዕድሜና የካናቴራ ቁጥር ይጠይቃል። ኋላ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ሹፌሩ ግን በራሱ ብዕር ጥግ ላይ ጽፎበታል።